የሚስ ኢርማ ኦርጋንና የነሐሴ ገና

ጡረታ ወጣሁ ስል የአገሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ከታክሲ ነው ከፓርኪንግ?" አትላንታ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሐበሻ ከሁለቱ ውጪ ሌላ ቦታ ሊያረጅ የሚችል አይመስላቸውም። "ከኦርጋን ጥገና" ስላቸው ደግሞ ፊታቸው ላይ አዘኔታ አያለሁ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ወዳጄ፣ "ውይ አቶ ታደሰ፣ አሁን እኮ ሁሉም ኪቦርድ ነው የሚጠቀመው። በጊዜ ሪታየር ማድረግዎ ጥሩ ነው" አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከምጠግነው የምቀብረው ይበዛ ነበር። ቫኑን ሸጥኩ፣ ዶራቪል የነበረውን የሾፕ ቁልፍ መለስኩ፣ ስማይርና ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ስንዱ ሦስት ቀን ታገሰችኝ። በአራተኛው ቀን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በታትኜ ስታገኘኝ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ተበላሽቷል ያለህ አለ? በቃ ቁጭ ብለህ ሥራህን ጻፍ፤ ቤቴን ልቀቅልኝ" አለችኝ። ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

የጠገንኩት ኦርጋን ምን ዓይነት እንደሆነ ላስረዳ። አራት ሰው እያማረረ የሚያነሳው የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ በሞተር የሚዞሩ ከዘጠና በላይ ትናንሽ የብረት ጎማዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ጎማ የራሱን ድምፅ ያወጣል። ከጎኑ ቁም ሣጥን የሚያህል የድምፅ ማጉያ ይቆማል። እሱም ውስጡ የሚሽከረከር ቀንድ አለው፤ ቀስ ሲል ድምፁ ያቃስታል፣ ሲፈጥን ይንቀጠቀጣል። የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው ሲናገር ከሥር የምትሰሙት እሱ ነው። የሶል ሙዚቃ ዘፋኝ ስታለቅስ ከኋላዋ ሆኖ አይዞሽ የሚላትም እሱ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ወር ደግሞ ያለ እሱ ገና የለም።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው በዲቪ የመጣሁት። አዲስ አበባ ጉለሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። እዚህ ስደርስ የተገኘው ሥራ ዳውንታውን ሆቴሎቹ መሐል ያለ ፓርኪንግ ውስጥ፣ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቀበል ነበር። የመጀመሪያው ታኅሣሥ ላይ በዳሱ ሬዲዮ የገና ዘፈኖች መምጣት ጀመሩ። ግራ ገባኝ። እኛ ገና ስንል ልደቱን እናበሥራለን፣ እንደሰታለን። እነዚህ ግን ቀስ ብለው ይተክዛሉ። ቋንቋው በደንብ ስላልገባኝ ትልቅ ሰው ሞቶ ሬዲዮው ሐዘን የተቀመጠ መሰለኝ። አንዷ ዘፋኝ ድምፅዋ ሲሰበር እኔም ዳሱ ውስጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላውቅም ነበር።

ሚስተር ዊንፊልድን ያገኘኋቸው በዚያው ሳምንት ነው። ቡናማ ባርኔጣ የሚያደርጉ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ነበሩ። ቫናቸውን ዳሱ ፊት ለፊት አቁመው ያን ቁም ሣጥን የሚያህል ማጉያ ብቻቸውን ለማውረድ ይታገላሉ። ዳሱን ትቼ ሄጄ ደገፍኳቸው። ስናወርደው የጀርባው ክዳን ተከፍቶ ቀበቶው ከመዘውሩ ወርዶ አየሁና ዝም ብዬ በጣቴ መለስኩት። ቀና ብለው አዩኝ። "ማን አስተማረህ?" አሉኝ። "ሬዲዮ እሠራ ነበር" አልኳቸው። "ያልተጠየቅከውን መንካትስ ማን አስተማረህ?" አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቀልድ መስሎኝ። የፓርኪንጉ አለቃ ዳሱን ትቼ በመሄዴ ሲጮህብኝ ሚስተር ዊንፊልድ ቆመው ሰሙት፤ ከዚያ ስልክ ቁጥራቸውን በትኬት ጀርባ ጽፈው ሰጡኝ። በጥር ከእሳቸው ጋር ሥራ ጀመርኩ። ክፍያው ከዳሱ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

የሚስተር ዊንፊልድ አሠራር ለሬዲዮ ጠጋኝ የሚያበሽቅ ነበር። ጉለሌ ደንበኛ ዕቃውን አስቀምጦ ይሄዳል፤ አንተ ትከፍታለህ፣ ትጠግናለህ፣ ያልቃል። እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ኦርጋኑን ዞር ብለውም አያዩትም። መጀመሪያ የሚጫወተውን ሰው ያስጠራሉ። "አንድ ነገር ተጫወቱልኝ" ይላሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቁና ጀርባቸውን ሰጥተው ይሰማሉ። ከዚያ፣ "ከዚህ ውስጥ የሚወዱት የቱን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። የተበላሸው የቱ ነው አይሉም! የሚወደደውን ካወቁ በኋላ ነው ካቻቢቴ የሚያነሱት። የሚያወጡትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ፖስታ ውስጥ ከተው የቤተ ክርስቲያኑን ስም ይጽፉበትና ዓመት ሙሉ ያስቀምጡታል። ምሳ ላይ ኮላ ጠርሙስ ውስጥ የጨው ለውዝ ይጨምሩና እያኘኩ ይጠጡታል። "ቅመሰው" ብለውኝ ቀምሼ ነበር። አልወደድኩትም።

ቅባት ማጠጣት ያስተማሩኝን ግን እስካሁን እወደዋለሁ። ኦርጋኑ ውስጥ ከላይ ሁለት ትናንሽ የዘይት ገንዳዎች አሉ፤ ከገንዳው ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቀጭን የጥጥ ክር ይሄዳል። ዘይቱ በክሩ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። አንዴ ቸኩዬ ብዙ ሳፈስበት እጄን ያዙኝና፣ "ታድ፣ ክሩ ነው የሚያጠጣው፤ አንተ አይደለህም" አሉኝ። ሁሉም አሜሪካዊ ታድ ነው የሚለኝ። ታደሰ ለማለት ጊዜ የላቸውም።

የገና ሙዚቃ የሚቀዳው በዚህ አገር በጋ እንደሆነ ያወቅኩትም ከእሳቸው ጋር ነው። ለታኅሣሥ የሚወጣ ዘፈን በሐምሌና በነሐሴ ይሠራል። የጆርጂያ ሙቀት ውጪ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ ስቱዲዮው ውስጥ ሸሚዝ ብቻ የለበሰ ሰው ላቡን እየጠረገ ስለ በረዶ ያዜማል። አምፖል አንጠልጥለው፣ ቀይ ኮፍያ አድርገው የሚቀዱም አይቻለሁ። ያን ጊዜ ነው ግጥሞቹ የገቡኝ። የሚበዙት ስለ ሕፃኑ አይደሉም፤ ስለሌለው ሰው ናቸው። ያልመጣ ባል፣ ሩቅ የሄደ ልጅ፣ ባዶ ወንበር። ለካስ ገና ሲመጣ ማን እንደጎደለ ይታያል። ዳሱ ውስጥ ያለቀስኩት ለማን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ሩቅ የሄደው ልጅ እኔው ነበርኩ።

ሚስ ኢርማን ያወቅኳቸው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሚስተር ዊንፊልድ ወገባቸው እምቢ ብሎ ቤተ ክርስቲያኖቹን ለእኔ ማካፈል ሲጀምሩ። ሚስ ኢርማ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ያለ መጠነኛ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ፤ ሰው ሁሉ "ቤቢ" ነው ለእሳቸው፣ ፓስተሩም ጭምር። የመጀመሪያው ታኅሣሥ ላይ ሥራዬን ስጨርስ ምግብ አቀረቡልኝ። "ጾም ነኝ" አልኳቸው። "በገና ሰሞን?" አሉ በድንጋጤ። የእኛ ገና ከእናንተ በኋላ፣ በእናንተ አቆጣጠር በጥር ነው፣ እስከዚያ ሥጋም ወተትም የለም ብዬ አስረዳኋቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ የእነሱን ጎመን ያለ ሥጋ፣ በዘይትና በሽንኩርት ብቻ ሠርተው ጠበቁኝ። ያን ጎመን ያለ ሥጋ መሥራት ለአንድ የጆርጂያ እናት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በየታኅሣሡ፣ ቀኑን ሲያውቁት ደግሞ በፍልሰታም፣ ዘጠኝ ዓመት አንድም ጊዜ አልረሱም።

ሚስ ኢርማ በሃያ ሁለት ዓመታቸው አንድ የገና ዘፈን ሠርተው ነበር። ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው ነው። አንዲት ሴት በገና ራት ላይ ለሌለ ሰው ሳህን ታስቀምጣለች፤ እንግዶቹ ሄደው ሁሉም ሲነሳ ያን ሳህን ግን አታነሳውም። ትንሽ የሙዚቃ ድርጅት በሸክላ አውጥቶላቸው በዚህች ከተማ ተሰማ፤ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ዋናው ቅጂ የት እንደገባ ጠፋ። የቀረው የተጫጫረ ሸክላ ነው። እሱንም የከተማው ሬዲዮ በየታኅሣሡ ያጫውተዋል።

"ለወንድሜ ነው የጻፍኩት፤ ወታደር ነበር" አሉኝ አንድ ቀን።

"ነፍስ ይማር" አልኳቸው።

"ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ! ወንድሜ በጥር መጣና ሳህኑን ጠርጎ በላ፤ ዛሬም አለ" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። በጥር ከሆነማ በእኛ ገና ነው የደረሰው ብዬ እኔም ሳቅኩ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ መጣሁ። ብዙ ጊዜ ስሸሸው የኖርኩት ነው፤ ቢሆንም ያለ እሱ የሥራ ዘመኔ ይኼ ነው ማለት አልችልም።

ሚስ ኢርማ ሰባ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ዴቮን የሚባል ጎልማሳ አቀናባሪ ዘፈኑን እንደገና ሊቀዳላቸው መጣ። ቀረጻው እዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በራሳቸው ኦርጋን፣ በነሐሴ እንዲሆን ተቀጠረ። ጉዳዩ የሚያስቸኩል ነበር፤ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት እየያዛቸው ስለነበር ሐኪሙ ከእንግዲህ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም ብሏቸዋል። እኔም ደስታው ከእሳቸው ይልቅ የእኔ እስኪመስል ድረስ ፈነጠዝኩ። ዘጠኝ ዓመት የበላሁትን ጎመን የምመልስበት ቀን መጣ ብዬ ኦርጋኑን ሙሉ በሙሉ ላድስላቸው ወሰንኩ፣ በነፃ። ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን አልጠየቅኳቸውም? ይህን አሜሪካዊ አይገባውም፣ እናንተ ግን ይገባችኋል። በእኛ ዘንድ የምር መስጠት የፈለገ ሰው አይጠይቅም። "ላድስልዎ ወይ?" ካልኩ ይግደረደራሉ፤ "ኧረ አይሆንም፣ አትልፋ" ይላሉ፤ እኔም ለአፌ ያህል የጠየቅኩ እሆናለሁ። እንግዳ ፊት እንጀራ ሲጨመር "ልጨምርልህ?" ይባላል እንዴ? ይጨመራል እንጂ። እኔም ጨመርኩ።

ኦርጋኑ ውስጥ ለከፍተኛዎቹ ድምፆች ከአርባ በላይ ድምፅ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ በሰም የተነከረ ወረቀት የተጠቀለለባቸው፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህሉ። ከዕድሜ ብዛት ደክመው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ሳለ ገብቼ ሁሉንም ነቅዬ በአዲስ ተካሁ። ቁልፎቹን አጸዳሁ፣ እንጨቱን ወለወልኩ። በመለኪያዬ ስለካው እያንዳንዱ ድምፅ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆነ። አሮጌዎቹን ፖስታ ውስጥ አልከተትኳቸውም፤ የበሰበሰ ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬ ከቆሻሻው ጋር ጣልኳቸው። ቆሻሻው በማግስቱ ተወሰደ።

የቀረጻው ቀን ድምፁ እንዳይቀዳ ተብሎ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው፣ ጠፍቷል፤ መዘምራኑ በወረቀት እያራገቡ ቆመዋል። ዴቮን እጁን አነሳ። ሚስ ኢርማ የመጀመሪያውን አዝማች ተጫወቱና አቆሙ። ድምፁን የሚያበዙትንና የሚያሳንሱትን ዘንጎች ሳብ መለስ አደረጉ። እንደገና ተጫወቱ። እኔ ከኋላ ቆሜ እየሳቅኩ ነው፤ ስጦታዬን ያወቁት መሰለኝ።

"ቤቢ" አሉኝ ሳይዞሩ፣ "ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ ሚስ ኢርማ። ስጦታ ነው። ሁሉንም አደስኩልዎ።"

ደግ ሰው ስለሆኑ ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ ሦስት ጊዜ ተጫወቱት። እኔም ያኔ ሰማሁት። ያ ጭስ የነካው የሚመስል፣ ከሩቅ ክፍል የሚመጣ ድምፅ የለም። ብሩህ፣ ንጹህ፣ ጥርሱን ያፋጨ ነገር ነው። ሳህን አስቀምጣ የምትጠብቀው ሴት ጠፍታለች። ዴቮን የተቀዳውን ሲያሰማቸው ሚስ ኢርማ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ ኦርጋን ነው" አሉ። "የእኔ አይደለም።" ከዚያ መዘምራኑን አመስግነው ወደየቤታቸው ሰደዱ። ክዳኑን ሲዘጉት ቀስ ብለው ነበር የዘጉት፤ አለመጮሃቸው ከሁሉ ባሰብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ቀጥታ የሄድኩት ሚስተር ዊንፊልድ ዘንድ ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ጠየቅካት?"

"አልጠየቅኳቸውም።"

"ስትጫወት ሰምተሃታል?"

"ዘጠኝ ዓመት ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያ ምን እንደምትወስድባት ታውቅ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። ዶራቪል የተከራዩት መጋዘን ውስጥ ሦስት የሞቱ ኦርጋኖች አሉ፤ እንጣላቸው ብዬ ስንቴ እንደለመንኳቸው እግዜር ያውቃል። "የእሷ ኦርጋን እኩዮች ናቸው። አብረው ያረጁ" አሉ። "ሆዳቸውን ክፈትና አንድ በአንድ ሞክር። እኔ አልመጣም። የምትጠይቀው እሷን እንጂ እኔን አይደለም።"

በማግስቱ ሚስ ኢርማ ቤት ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልመልሰው እችል ይሆናል፤ ግን አጠገቤ ካልተቀመጡ አልችልም። ይፈቅዱልኛል?" አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቄ ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ሐሙስ እመጣለሁ፤ ትራስ ያዝልኝ፣ ያ ወንበር ይቆረቁራል" አሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ሥራችን ሆነ። እኔ ከኋላ ተንበርክኬ ከሞቱት ኦርጋኖች የነቀልኩትን አንዱን አሮጌ ካፓሲተር እበይዳለሁ፤ እሳቸው ከፊት ያቺን ድምፅ ይጫናሉ። "ይሄ ጉንፋን ይዞታል" ይላሉ። እቀይራለሁ። "ይሄ ቸኩሏል።" እቀይራለሁ። "ኧኸ፣ እሱ ነው፤ ደህና መጣህ" ይላሉ ለድምፁ፣ ለእኔ አይደለም። አንዴ ሰልችቶኝ፣ "መለኪያው እኮ ሁለቱም እኩል ናቸው ይላል" ብላቸው፣ "መለኪያህ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነው?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መለኪያውን ቫኑ ውስጥ ትቼ መግባት ጀመርኩ። በየካቲትም በመጋቢትም የገና ዘፈን ነው የምንጫወተው። ሊያጸዱ የሚገቡ ሴቶች "መልካም ገና!" እያሉ ይስቁብናል። ስንዱ ደግሞ፣ "በዐቢይ ጾም የገና ዘፈን ስታፏጭ ሰው ይሰማሃል፤ ስቶፕ አድርግ" ትለኛለች። እኔ ግን በእነዚያ ሐሙሶች ነው መስማት የተማርኩት። እስከዚያ ለካስ ጠጋኝ ብቻ ነበርኩ።

በመጋቢት መጨረሻ የቀኝ እጃቸው የቀለበት ጣት አልታዘዝ አለ። አልነገሩኝም፤ በዚያ ጣት የሚመታውን በሌላው ሲሸፍኑ ከድምፁ ነው ያወቅኩት። ፍርሃት ገባኝ። በሳምንት ሁለት ቀን እንሥራ አልኳቸው፣ በነሐሴ ተመልሶ ሊቀዳ የተስማማውን ዴቮንንም እኔው ደውዬ እንዲቸኩል ለመንኩት። ሚስ ኢርማ ሰምተው ተቆጡ። "አንዴ ቸኩለህ አየነው" አሉኝ። እኔም ወደ ሐሙሴ ተመለስኩ። ሐምሌ ላይ ሁሉም ድምፆች ተመልሰው ነበር፣ ከአንዷ በቀር። ለአንዷ ከፍተኛ ድምፅ የሚሆን አጣሁ። የሦስቱንም የሞቱ ኦርጋኖች ሆድ ጨርሼ፣ ከሌላ አገር ሳይቀር አስልኬ ሞከርኩ። እሷ ብቻ አዲሱን ካፓሲተር እንደያዘች ቀረች፤ ባልንጀሮቿ ሲያንሾካሹኩ እሷ ትናገራለች። "ተዋት፣ ጊዜ የለንም" አሉኝ ሚስ ኢርማ ጣታቸውን እያሻሹ።

ሚስ ኢርማ ዛሬ አይጫወቱም። ሌላ ሰው ተተክቶ እሳቸው ከፊተኛው ወንበር ሆነው በዓይናቸው ይመሩታል። ሚስተር ዊንፊልድ ልጃቸው ዘንድ ሌላ ስቴት ሄደዋል፤ በስልክ እንገናኛለን። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ኦርጋን ጠግኛለሁ፤ የሚጫወተውን ሰው ሳላስጠራ አንዱንም አልከፈትኩም። እጄ ላይ የሞቱም አሉ፣ ከሞት የተመለሱም አሉ። የሥራ ዘመኔ የቱ ነው ብትሉኝ ግን ያን የሁለተኛውን ነሐሴ ቀን ነው የማሳያችሁ።

ኤሲው እንደገና ጠፋ። መዘምራኑ ቆሙ። እኔ ከኋላ አልቆምኩም፤ ሚስ ኢርማ ከኦርጋኑ ጎን ወንበር አስቀምጠውልኝ ነበር። ማስነሻውን ራሴ ያዝኩላቸው፤ ጎማዎቹ እስኪፈጥኑ ቆጥሬ ለቀቅኩ። በዘጠኝ ጣት ጀመሩ። ከሸክላው ይልቅ በጣም ቀርፋፋ ነበር፤ እጃቸው ከዚያ በላይ አይሄድም። ግን ያ ቀርፋፋነት ዘፈኑን አሳመረው፤ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሲጫወቱት የምትጠብቀው ሴት ሰው እንደሚመጣ ተስፋ ብቻ ነበራት፣ አሁን ግን እንደሚመጣ ታውቃለች። ድምፁ ከሩቅ ክፍል መጣ። መዘምራኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ፊቱን ሲሸፍን አየሁ። በመጨረሻው አዝማች ላይ ያቺ ድምፅ ነበረች። እጃቸው ወደ እሷ ሄደ። ጮኸች። ከሁሉ በላይ ጥርት ብላ፣ ብቻዋን፣ ጮኸች። ዘፈኑም አለቀ።

ዴቮን ማዳመጫውን አወለቀ። "ሚስ ኢርማ፣ ይኼ ነው። ይኼ ነው!" አለ። "አንዲት ድምፅ ብቻ ወጣ አለች፤ እሷን በኮምፒውተር አስተካክላታለሁ፣ ማንም አያውቅም።"

ሚስ ኢርማ ወደ እሱ አልዞሩም። ወደ እኔ ነው የዞሩት። "ታድ" አሉኝ፤ ቤቢ አላሉም። "አንተ ምን ትላለህ? ትስተካከል ወይስ ትቆይ?"

በእኛ ወግ መልሱ የታወቀ ነው። "ኧረ እንደ ፈለጉ፣ እኔ ማነኝና" ይባላል። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዓመት ሙሉ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ ሳይ ግን መግደርደር አስጠላኝ።

"ትቆይልኝ" አልኳቸው። "እሷ የእኔ ናት።"

"ሰማኸው" አሉት ዴቮንን። "እንዳትነካት።"

ዴቮን ማሽኑን አጠፋ፣ አንድ ሰው ኤሲውን ከፈተ፣ መዘምራኑ አጨበጨቡ። ሚስ ኢርማ የማይታዘዘውን ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው፣ "መልካም ገና፣ ታድ" አሉኝ። ውጪ ሙቀቱ አስፋልቱን ያነድደዋል። የምለው በእንግሊዝኛ ጠፍቶኝ እጃቸውን ሳምኩና በአማርኛ፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን" አልኳቸው።